«ጭብጥ» ወይስ «ገጽታ»? የጦማር ገጽታን ከመድረክ ወደ መድረክ ስለ ማላመድና ስለ ስያሜዎቹ

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወጣት ተርጓሚ ለኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ መምሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሶ፣ የሙያ ቃላቱን እንድመለከትለት ረቂቁን አመጣልኝ። የአንደኛው ምዕራፍ ርእስ «ነጻና አነስተኛ የጦማር ጭብጦችን ለሌላ መድረክ ማስማማት» ይላል። ርእሱን ብቻ ያነበበ ሰው ምዕራፉ ስለ ሥነ ጽሑፍ ሒስ የሚናገር ሊመስለው ይችላል። ጭብጥ ማለት የአንድ ድርሰት ማዕከላዊ ሐሳብ ነውና፣ ጭብጡ ነጻ፣ ደግሞም አነስተኛ የሆነ ጽሑፍ ምን ዓይነት እንደሆነ እየገረመው ገጹን ይገልጣል። በውስጡ የሚያገኘው ግን ስለ ቀለም፣ ስለ ዓምድ ስፋትና ስለ ፊደል መጠን ነው። ተርጓሚው እንግሊዝኛውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ አማርኛውም የሚያስነቅፍ አይደለም። የተሳሳተው ቃሉን በመዝገበ ቃላት ፈልጎ፣ ከፊቱ ያገኘውን የመጀመሪያ ፍቺ ወስዶ፣ ነገሩን ራሱን ሳያይ በማለፉ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ነገሩ ምን እንደሆነና ሥራው እንዴት እንደሚካሄድ በአንድ እውነተኛ ምሳሌ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ስያሜዎቹን እግረ መንገዴን አነሣለሁ፤ ለሥራው ለራሱ ስለሚሆነው ግስ ግን የራሴን አስተያየት ሰፋ አድርጌ አቀርባለሁ፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ላይ ነውና።

ነገሩና ስሞቹ

ጦማር በግእዝ ደብዳቤ፣ የተጠቀለለ ጽሑፍ ማለት ሲሆን፣ እርሱም ራሱ ከግሪክ የተወሰደ ቃል ነው። ዛሬ በድረ ገጽ ላይ በየጊዜው የሚወጣ፣ አዲሱ ከአሮጌው በፊት የሚነበብ የግል ወይም የማኅበር ጽሑፍ መጠሪያ ሆኗል። ቃሉ በጸሐፊዎቹ በራሳቸው ብዕር ተዛምቶ ጦማሪን፣ መጦመርንና ጡመራን አስከትሏል። አንድ ስያሜ እንዲህ ቤተሰብ ካፈራ በኋላ ሌላ መፈለግ ከንቱ ድካም ስለሆነ በእርሱ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

ገጽታ የምለው፣ የጽሑፎቹ ይዘት ሳይነካ የሚታዩበትን መልክ የሚወስን የፋይሎች ስብስብ ነው። የፊደሉ ዓይነትና መጠን፣ ቀለሙ፣ የገጹ ኅዳግ፣ የጽሑፎቹ ዝርዝር ከላይ ወይም ከጎን መቀመጡ፣ ቀኑ ከርእሱ በታች ወይም በላይ መታተሙ፣ ይህን ሁሉ የሚደነግገው ገጽታው ነው። ጦማሪው ገጽታውን ቢለውጥ ከጻፈው ውስጥ አንዲት ቃል አትለወጥም። «ጭብጥ» እንደማይስማማው የሚታወቀውም ከዚህ ነው፤ ጭብጥ ከይዘቱ ሊነጠል አይችልም፣ ይህኛው ግን ሊነጠል የተሠራ ነው። «ገጽታ» የሚለው ቃል በእጅ ስልኮች የአማርኛ ቅንብር ውስጥ «ጨለማ ገጽታ» በሚል አጠራር ከተጠቃሚው ጋር ተዋውቋል። «የአገር ገጽታ» ከሚባለው ጋር ይምታታል የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። ይሁን እንጂ ዐውዱ ይለየዋል፤ «ድረ ገጽ» ከሚለው ጋር ያለው ዝምድናም ለማስታወስ ይረዳል።

ገጽታው በውስጡ አብነቶችን ይይዛል። አብነት ማለት ባዶ ቦታዎች ያሉት የገጽ አምሳያ ነው፤ «እዚህ ላይ ርእሱ ይግባ፣ እዚህ ላይ ጽሑፉ ይግባ» የሚል ትእዛዝ ተጽፎበታል። የአማርኛው ውክፔዲያ ለተመሳሳይ ነገር «መለጠፊያ» የሚለውን መርጧል። በውክፔዲያ ውስጥ አንዱ ቁራጭ በብዙ ገጾች ላይ ስለሚለጠፍ ቃሉ ለዚያ ሥራ ደኅና ነው። ለጦማር ገጽታ ግን የሚለጠፍ ነገር የለም፤ የሚቀዳ አርአያ እንጂ። «አብነት» ይህን ትርጉም ከጥንትም ይዞ የኖረ ስለሆነ እመርጠዋለሁ። መድረክ ደግሞ ጦማሩ የሚዘጋጅበትና የሚወጣበት ፕሮግራም ነው። የክርክር መድረክና የቴአትር መድረክ ቢኖሩም ቃሉ ተለምዷልና ይቆይ።

ከርእሱ የቀሩት ሁለቱ ቅጽሎች ናቸው። እንግሊዝኛው ለነጻነትም ለዋጋ አለመኖርም አንድ ቃል ስለሚጠቀም፣ የነጻ ሶፍትዌር ሰዎች ነገሩ ስለ መብት እንጂ ስለ ገንዘብ እንዳልሆነ ሲያስረዱ ዓመታት ፈጅተዋል። አማርኛ ይህ ችግር እምብዛም የለበትም። «በነጻ የተገኘ» ስንል ያልተከፈለበት ነው፤ «ነጻ» ብቻውን ሲቆም ከጌታ፣ ከገደብ የተላቀቀ ነው። አንዲት «በ» ትለያቸዋለች። ተርጓሚ ይህችን «በ» በግድ የለሽነት ሊጨምር ወይም ሊያስቀር አይገባውም፤ ሰው ሁሉ በነጻ የሚያወርደው፣ ነገር ግን እንዲለውጠው የማይፈቀድለት ገጽታ አለና። ሊላመድ የሚችለው «ነጻ» የሆነው ነው።

«አነስተኛ» መጠንን ብቻ ያመለክታል። «ቀላል» ለክብደትም፣ ለሥራ አለመክበድም፣ ይባስ ብሎም ለሰው ንቀት ይውላል። እኔ «ቁጥብ» እላለሁ። ቁጥብ ሰው የሚናገረው ያጣ አይደለም፤ ሊናገር እየቻለ የሚመጥን ነው። ሥዕል፣ ጥላና ተንቀሳቃሽ ጌጥ ሊጨምሩ እየቻሉ አንድ ዓምድ ጽሑፍና በቂ ነጭ ቦታ ብቻ ላስቀሩ ገጽታዎች ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

ሃይድ ከጄኪል ቤት ወደ ሁጎ ቤት

ጄኪል የሚባለውን መድረክ ቶም ፕሬስተን ወርነር እ.ኤ.አ. በ2008 ሠራው። ሁጎን ደግሞ ስቲቭ ፍራንሲያ እ.ኤ.አ. በ2013 «ጎ» በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፈው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ፤ በአንድ አቃፊ ውስጥ የተቀመጡትን ጽሑፎች እያነሡ በአብነቱ ላይ ያፈሳሉ፣ የተጠናቀቁ ገጾችንም ያወጣሉ። አንባቢው ገጹን ሲከፍት የሚደረግ ስሌት የለም፤ ሁሉም አስቀድሞ ተሰልቷል። ጽሑፎቹ እየበዙ ሲሄዱ ሁጎ በፍጥነቱ ስለሚመረጥ፣ ከጄኪል የሚዘዋወር ጦማሪ ብዙ ነው። የሚዘዋወርም ሰው የለመደውን መልክ ይዞ መሄድ ይፈልጋል።

ከእነዚህ ተጓዥ ገጽታዎች አንዱ ሃይድ ነው። ሠሪው ማርክ ኦቶ፣ ቡትስትራፕ የተባለውን የድረ ገጽ መሣሪያ ከሠሩት ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ ለጄኪል መሠረት የሚሆን «ፑል» የሚባል ሥራ አዘጋጅቶ፣ በላዩ ላይ «ሃይድ» እና «ላንየን» የሚባሉትን ሁለት ቁጥብ ገጽታዎች ገነባ። ስሞቹ ሁሉ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1886 ካሳተመው ልብ ወለድ የተወሰዱ ናቸው። በዚያ መጽሐፍ ሃይድ የዶክተር ጄኪል ሌላው ማንነቱ ነው፤ ፑል አሽከሩ፣ ላንየን ሐኪም ወዳጁ ናቸው። ስለዚህ የጄኪል መድረክ የሚለብሰውን መልክ «ሃይድ» ማለት ሙሉ ቀልድ ነበር። ገጽታው ወደ ሁጎ ሲሄድ ስሙ አብሮ ሄደ፤ ቀልዱ ግን ሊከተለው አልቻለም፤ በሁጎ ቤት ጄኪል የሚባል ሰው የለምና። ለእኛ ለቃላት ሰዎች ይህ እንግዳ አይደለም። ጦማር የሚለው ቃልም በግሪክኛ ከመቁረጥ ጋር የነበረውን ዝምድና ትቶ ነው ወደ ግእዝ የመጣው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የሃይድ ገጽታ ሁለት ዓይነት ፋይሎችን ይዟል። የመጀመሪያዎቹ የቅጥ ሉሆች ናቸው፤ የጎን ዓምዱ ምን ያህል ይስፋ፣ ምን ቀለም ይኑረው፣ ጠባብ በሆነ የስልክ መስኮት ላይ ዓምዱ ከጎን ወደ ላይ ይውጣ የሚሉ ድንጋጌዎች የሚጻፉት በእነዚህ ነው። የቅጥ ሉህን የሚያነበው የአንባቢው የድረ ገጽ ማሰሻ ነው። ማሰሻው ደግሞ ገጹን ጄኪል ያምርተው ሁጎ አይጠይቅም። ስለዚህ ሉሆቹ በጄኪል ከነበሩበት አቃፊ ወደ ሁጎ አቃፊ ሲሸጋገሩ ቃላቸው ከሞላ ጎደል አይነካም። የገጽታው መልክ ሳይለወጥ የሚሻገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛዎቹ አብነቶቹ ናቸው፤ ድካሙም ያለው እዚህ ነው። ጄኪል አብነቶቹን የሚጽፈው ሊኩዊድ በተባለ የአብነት ቋንቋ ነው፤ ሁጎ የሚጠቀመው የጎን የአብነት ቋንቋ ነው። ሁለቱ ድርብ ቅንፍ በመክፈትና በመዝጋት ይመሳሰላሉ። በሰዋስው ግን ይለያያሉ፤ ልዩነቱም ለሥነ ልሳን ባለሙያ የሚጥም ነው።

በሊኩዊድ አንድን ነገር የሚጠራ ሁሉ ባለቤቱን በስም ይጠራል፤ «የገጹ ርእስ»፣ «የጽሑፉ ቀን»፣ «የድረ ገጹ ስም» እንደ ማለት። በሁጎ አብነት የባለቤቱ ስም በአብዛኛው አይጻፍም፤ በቦታው አንዲት ነጥብ ትቀመጣለች። ይህች ነጥብ፣ እኛ «ርእሱ»፣ «ቀኑ» ስንል በቃሉ መጨረሻ የምንጨምረው አገናዛቢ ቅጥያ የሚሠራውን ሥራ ትሠራለች። «ርእሱ» የማን ርእስ ነው? መልሱ የሚገኘው ከዐውዱ ነው። ስለ ዝርዝሩ ገጽ በምንናገርበት ቦታ «ርእሱ» የገጹ ነው። «ለእያንዳንዱ ጽሑፍ እንዲህ አድርግ» የሚል ድግግሞሽ ውስጥ ከገባን በኋላ ግን ያው «ርእሱ» ተራው የደረሰው ጽሑፍ ርእስ ይሆናል። «የደራሲ ስም ተሰጥቶ እንደሆነ» የሚል ሁኔታ ስንከፍት ደግሞ ነጥቧ የደራሲውን ስም ትይዛለች፤ በዚያ ውስጥ ሆነን «ርእሱ» ብንል የጠየቅነው የስሙን ርእስ ነው፤ ስም ደግሞ ርእስ የለውም። ከዚህ አጥር ወጥቶ የመጀመሪያውን ባለቤት ለመጥራት የዶላር ምልክት ከነጥቧ ፊት ይቀመጣል።

እንግዲህ ከጄኪል ወደ ሁጎ ማላመድ ማለት በሰዋስው አነጋገር፣ በስም የተጠሩ ባለቤቶችን ሁሉ በተውላጠ ስም መተካት፣ ለእያንዳንዱም ተውላጠ ስም የሚያመለክተውን ቀዳሚ ማረጋገጥ ማለት ነው። ቃልን በቃል የሚተካ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ሥራውን በአንድ ቀን ለመጨረስ የሚነሣ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «የገጹ» የሚለውን ሁሉ በነጥብ ቢተካ፣ በድግግሞሹ ውስጥ ያለው «የገጹ ርእስ» ሳይታወቀው «የጽሑፉ ርእስ» ይሆናል።

ስሕተት ሲፈጠር የሁለቱ ጠባይ የተለያየ መሆኑም መታወቅ አለበት። ሊኩዊድ ያልተገለጸ ስም ቢጠራበት እንደ ልማዱ ባዶ ትቶ ያልፋል፤ ገጹ ይወጣል፣ ጉድለቱም ላይታይ ይችላል። የሁጎ አብነት ግን ገጽ የሌለውን ባሕርይ ቢጠየቅ ግንባታውን አቁሞ ስሕተት አለ ይላል። ጦማሪው በራሱ ፈቃድ የሚጨምራቸው መለኪያዎች ሲጎድሉ ብቻ በዝምታ ያልፋል። ወደ ሁጎ የመጣ ጀማሪ መድረኩ አስቸጋሪ ነው ብሎ የሚያማርረው ብዙውን ጊዜ፣ ቀድሞ ዝም ይባልለት የነበረው ስሕተት አሁን ስለሚነገረው ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ሃይድ ስምንት አማራጭ የቀለም ስብስቦች አሉት። በጄኪል ዘንድ ከመካከላቸው አንዱን የሚመርጥ ሰው አብነቱን ከፍቶ የስብስቡን ስም በገጹ አካል መክፈቻ ላይ በእጁ ይጽፋል። በሁጎው ሃይድ ግን ምርጫው በጦማሩ የቅንብር ፋይል ውስጥ በአንድ መስመር ይሰፍራል፤ አብነቱ አይነካም። ውጤቱ ለአንባቢው ዓይን አንድ ነው። ለጦማሪው ግን ገጽታው ሲታደስ ምርጫው እንዳይጠፋ ያደርግለታል። አላማጁ እዚህ ላይ ከቀድሞው ሥራ አሻሽሏል፤ ማላመድ ከመቅዳት የሚለይበት አንዱ ነጥብ ይህ ነው።

ቀን ያልሆነው ቀን

በረቂቁ ውስጥ ያገኘሁት ከባዱ ስሕተት የቀን ነገር ነው። በጥንቃቄ ጉድለት የመጣ ስሕተት ቢሆን አላነሣውም ነበር፤ የመጣው ግን ጥንቃቄ ከመጠን በላይ በመደረጉ ነው።

አብነቱ ጽሑፉ የወጣበትን ቀን በምን መልክ እንዲያትም መንገር ያስፈልጋል። በሊኩዊድ ይህ የሚነገረው በምልክት ነው፤ የመቶኛ ምልክትና አንድ ፊደል አንድ ላይ ሆነው «ወር»፣ «ቀን»፣ «ዓመት» ማለት ይሆናሉ፤ በመዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ እንደምንደረድራቸው አሕጽሮተ ቃላት ናቸው። ጎ የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። ምልክት አይሰጥም፤ ምሳሌ ይሰጣል። አንድ የተወሰነ ቀንና ሰዓት አለ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. ጃንዩወሪ 2 ቀን 2006፣ ከቀትር በኋላ በምዕራባውያን አቆጣጠር 3 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ነው። አሜሪካኖች ወርን ከቀን ስለሚያስቀድሙ፣ ወሩ 1፣ ቀኑ 2፣ ሰዓቱ 3፣ ደቂቃው 4፣ ሰከንዱ 5፣ ዓመቱ 6 ሆኖ በተራ ይሄዳል፤ የሰዓት ቀጠናውም 7 ነው። የአብነቱ ጸሐፊ ይህን ቀን በሚወደው መልክ ይጽፈዋል፤ ፕሮግራሙም መልኩን አይቶ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ቀን በዚያው መልክ ያትማል። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ፣ አንዱ በብያኔ፣ ሌላው በምሳሌ ዓረፍተ ነገር እንደ ማስረዳት ነው ብል ነገሩ ይገባዋል።

ወጣቱ ተርጓሚ በመምሪያው ውስጥ ይህን ቀን ሲያገኝ፣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚገባውን አደረገ፤ ወደ ዘመን አቆጣጠራችን መለሰው። «ታኅሣሥ 24 ቀን 1998» ብሎ ጻፈ። ስሌቱ ልክ ነው። ነገር ግን ያ ቀን በዚያ ቦታ ቀን አልነበረም፤ ሰዋስዋዊ ምልክት ነበር። የእርሱን መምሪያ ተከትሎ ይህን በአብነቱ ውስጥ የሚጽፍ ጦማሪ ምን እንደሚያገኝ እንመልከት። ፕሮግራሙ «2»ን ሲያይ የወሩን ቀን፣ «4»ን ሲያይ ደቂቃውን፣ «1»ን ሲያይ የወሩን ቁጥር ይተካል፤ «998» ምንም ስለማይነግረው እንዳለ ይተወዋል፤ «ታኅሣሥ»ንም እንደዚሁ። እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 2024፣ ሰዓት ሳይመዘገብ የወጣ ጽሑፍ እንግዲህ «ታኅሣሥ 70 ቀን 5998» የሚል ማኅተም ይዞ ይወጣል። ስሕተት ተብሎም አይነገርም፤ ግንባታው አይቆምም። ጦማሪው ግራ ተጋብቶ ገጽታውን ወይም መድረኩን ይወቅሳል እንጂ ተርጓሚውን አይጠረጥርም።

ከዚህ የማወጣው የሥራ ደንብ፣ በሙያ ጽሑፍ ውስጥ ያለ ቁጥር፣ ስም ወይም ቀን ከመመለሱ በፊት ለሰው የተነገረ ነው ወይስ ለፕሮግራሙ የሚለው መጠየቅ አለበት የሚል ነው። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር በጦማሩ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው የራሱ መንገድ አለው፤ ቀኑን በእጁ በጽሑፉ መግቢያ ላይ መመዝገብ ወይም ስሌቱን የሚሠራ ቁራጭ መጨመር ይችላል። የወሩን ስም በአማርኛ ማስነበብ ብቻውን ግን አቆጣጠሩን አይለውጠውም፤ ስሙ የተተረጎመው ቀን የጎርጎርዮስ ቀን ሆኖ ይቀራል።

ለአማርኛ ጦማሪ ገጽታ የሚመልስ ሰው የሚገጥሙት ሌሎችም ጉዳዮች አሉ። ቁጥብ ገጽታ ጌጡ ፊደሉ ብቻ ነው። ሃይድ ለጽሑፉ ፒ.ቲ. ሳንስ፣ ለጦማሩ ስም ደግሞ አብሪል ፋትፌስ የተባለውን ወፍራም የፊደል ቅርጽ ይጠቀማል፤ ሁለቱም የግእዝ ፊደል የላቸውም። ማሰሻው የጎደለውን ከአንባቢው መሣሪያ ላይ ካገኘው ሌላ የፊደል ቅርጽ ይበደራል፤ ስለዚህ አንዱ ጦማር በየቤቱ የተለያየ መልክ ይይዛል፣ ወፍራሙ የርእስ ጌጥም ይቀራል። በብዙ ጌጥ የተሞላ ገጽታ ይህን ጉድለት ሊሸፍነው በቻለ ነበር፤ ቁጥቡ ግን ራቁቱን ይቀራል። መድኃኒቱ በቅጥ ሉሁ ላይ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. ያለ ነጻ የግእዝ ፊደል ስም መጨመር፣ በመስመሮቹ መካከል ያለውንም ርቀት ጥቂት ማስፋት ነው። ርእስን በትልልቅ የላቲን ፊደላት ጻፍ የሚለው ደንብ ለፊደላችን ትርጉም ስለሌለው፣ ርእሱ ጎልቶ የሚታየው በእርሱ ብቻ ከነበረ ሌላ ማጉያ መፈለግ ያስፈልጋል። በአብነቱ ራስ ላይ «የገጹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው» የሚል መግለጫ ተጽፎ ከሆነም መታረም አለበት፤ ጽሑፍ እያነበቡ ለዓይነ ስውራን የሚያሰሙ ፕሮግራሞች በዚያ መግለጫ ይመራሉና።

የጽሑፉን መቅድም አቆራረጥ በተመለከተም ሁለቱ መድረኮች አይስማሙም። ጄኪል ካልተነገረው በቀር የጽሑፉን የመጀመሪያ አንቀጽ ይወስዳል፤ ሁጎ ቃላት ይቆጥራል፣ ልማዱም 70 ቃል ነው። ቃልን ከቃል የሚለየው በባዶ ቦታ ነው። እንደ ቀድሞው በሁለት ነጥብ ብቻ፣ ያለ ክፍተት የሚጽፍ ጦማሪ ካለ፣ አንቀጹ ሙሉ ለሁጎ አንድ ቃል ነው።

ግሱ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ይህን ሥራ ምን እንበለው? ረቂቁ «ማስማማት» ብሎታል። ማስማማት በተጣሉ ሰዎች መካከል የሚደረግ ስለሆነ ለጆሮ ይጎረብጣል፤ በዚያም ላይ የሚያስማማው ሰው በሁለቱ መካከል ይቆማል እንጂ አንዱን እንደገና አይሠራም። «መተርጎም» ይበልጥ ይቀርባል፤ አብነቶቹ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ተመልሰዋልና። ይሁን እንጂ የገጽታው ግማሽ የሆኑት የቅጥ ሉሆች አልተተረጎሙም። ገጽታን «መተርጎም» ደግሞ በገጹ ላይ የሚታዩትን «ቀጣይ»፣ «ቀዳሚ» የመሳሰሉ ቃላት ወደ አማርኛ መመለስ ለሚለው ሥራ መቆየት አለበት። ያም የተለየ ሥራ ነው።

«ውርስ ትርጉም» የሚል ሐሳብ ያቀረቡልኝ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች አሉ። በመጻሕፍት ሽፋን ላይ የምናውቀው ይህ ስያሜ ለባለቤቱ ያለውን ዕዳ ስለሚያስታውስ ደስ ይለኛል። ነገር ግን አካሄዱ ተቃራኒ ነው። ውርስ ተርጓሚ የታሪኩን አጥንት ይዞ ልብሱን ይቀይራል፤ ስሙን፣ ቦታውን፣ ባህሉን የአገሩ ያደርገዋል። ገጽታን የሚያሻግር ሰው ልብሱን እንዳለ ጠብቆ ከውስጡ ያለውን አጥንት ነው የሚለውጠው። «ማዛወር» እንዳንል፣ «አዘዋዋሪ» ዛሬ በጋዜጣ ላይ የሚጠራው ከወንጀል ጋር ነው። «ማሻገር» መልካም ቃል ነው፤ ዳር ከዳር ማድረስን በግልጽ ያሳያል። ጉድለቱ፣ የተሻገረው ነገር በጉዞው የሚለወጥ አለመምሰሉ ነው። ወንዝ የተሻገረ ጭነት ያው ጭነት ነው። በሰዋስውም «ተሻጋሪ» የራሱ ሥራ አለው።

የኔ ምርጫ «ማላመድ» ነው። የግብርና ተመራማሪዎች ከሌላ ቦታ የመጣን ዘር በአዲስ አፈርና አየር ሲሞክሩ «የማላመድ ሙከራ» ይላሉ። ዘሩ ያው ዘር ነው፤ ማንነቱን አይለቅም፣ የመጣበትም ይታወቃል። ሆኖም በአዲሱ አፈር እንዲያፈራ የዘር ጊዜው፣ የእርሻው አያያዝ ይለወጣል። ቃሉ ለውጥንና ጽናትን አንድ ላይ ይይዛል። እርባታውም አያስቸግርም፤ ሠሪው አላማጅ፣ ሥራው የተላመደ ገጽታ ይባላል። እንስሳን መግራትንም ስለሚጠቁም ያልወደዱት አሉ፤ ተርጓሚያችን ራሱ «የወይፈን ቃል ነው» ብሎ ተከራክሮኛል። እኔ ግን ከብት ማላመድንም ከዚህ ሥራ እጅግ የራቀ ሆኖ አላየሁትም።

የግሱ ምርጫ ከጣዕም ያለፈ ነገር እንዳለበት የሚታየው በፈቃዱ ላይ ነው። ሃይድ የወጣው ኤም.አይ.ቲ. በተባለው አጭር ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ ማንም ሥራውን እንዲጠቀምበት፣ እንዲለውጠው፣ እንዲያሰራጨው፣ እንዲሸጠውም ይፈቅዳል። በምላሹ የሚጠይቀው፣ የባለመብቱ መግለጫና የፈቃዱ ቃል በእያንዳንዱ ቅጂ ወይም አብዛኛውን ክፍል በያዘ ሥራ ውስጥ እንዲኖር ብቻ ነው። የዎርድፕሬስ ገጽታዎች የሚወጡበት ጂ.ፒ.ኤል. ከዚህ ይጠብቃል፤ ከእርሱ የተወሰደ ሥራ ሲሰራጭ በዚያው ፈቃድ ሥር እንዲቆይ ያስገድዳል። ስለዚህ አላማጁ አብነቱን ሙሉ በሙሉ እንደገና ቢጽፈውም፣ የወሰደው የቅጥ ሉህ ግዴታውን ይዞ ይመጣል። «ሠራሁት» የሚል ሰው ይህን ዕዳ ይሰውራል፤ «ቀዳሁት» የሚል የራሱን ድካም ይሰውራል።

ሁጎ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። እያንዳንዱ የሁጎ ገጽታ ስለ ራሱ በሚናገርበት የመግለጫ ፋይል ውስጥ፣ ሥራው ከሌላ የተላመደ ከሆነ የመጀመሪያው ሠሪ ስም፣ የድረ ገጹና የሥራው ማስቀመጫ አድራሻ የሚሰፍሩበት ክፍል አለ። የሁጎው ሃይድ ማብራሪያም ማርክ ኦቶን በሠሪነት፣ ስቲቭ ፍራንሲያን ወደ ሁጎ ባመጣው ሰውነት ለየብቻ ይጠራል። መምሪያው ይህን መስመር በአማርኛ ሲያስነብብ «የተረጎመው» ቢል አንባቢው አማርኛ ትርጉም ይፈልጋል፤ «ያዘጋጀው» ቢል የኦቶ ድርሻ ይደበዝዛል። አሁን በታረመው ረቂቅ ላይ «ሠሪ፦ ማርክ ኦቶ፤ ያላመደው፦ ስቲቭ ፍራንሲያ» ተብሎ ሰፍሯል። የምዕራፉም ርእስ «ነጻና ቁጥብ የጦማር ገጽታዎችን ለሌላ መድረክ ማላመድ» ሆኗል።

«ጭብጥ» የሚለውን ቃል ከረቂቁ ፈጽመን አላወጣነውም። ከመጨረሻዎቹ ምዕራፎች በአንዱ፣ ጦማሪው ስለ ምን እንደሚጽፍ አስቀድሞ እንዲወስን የሚመክር አንቀጽ አለ፤ እዚያ ቦታው ነውና ቆይቷል።